የዝሆን ጆሮ ወይራው ላይ

ቅጠል ፈርታችሁ ታውቃላችሁ? ጅብ አላልኩም፣ እባብ አላልኩም፤ ቅጠል። እኔ ፈርቼ አውቃለሁ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስም ጫማዬን ሳላወልቅ፣ የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ ሳላራግፍ፣ ሄጄ የምዳስሰው እሱን ነበር። ጫፉ ጠወለግ ካለ ምሳ አይወርድልኝም። ቀና ካለ ደግሞ ክፍል ገብቼ ላስቸገረኝም ላላስቸገረኝም ተማሪ ማርክ እጨምራለሁ። ርእሰ መምህሩ ቢሰማ ጉዴ ፈልቶ ነበር።

ሥራዬ ባዮሎጂ ማስተማር ነው፤ እዚሁ ሰቆጣ። ሰው ይህን ሲሰማ ዕፅዋት የማውቅ ይመስለዋል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚህች ዕድሜዬ በገዛ እጄ አሳድጌ ለቁም ነገር ያበቃሁት ነገር ቢኖር ጢሜ ብቻ ነው። የባቄላን ፍሬ በጥጥ ላይ ማብቀል ለሕፃናት ሳስተምር እንኳ የእነሱ ይበቅላል፣ የኔ ይሸታል።

ቅጠሉ የባለቤቴ ነው። ፀዳለ ትባላለች፤ የከፋ ልጅ ናት። ቦንጋ አካባቢ ስምንት ዓመት ሳስተምር ነው ያገኘኋት። አባቴ እዚህ ሰቆጣ በሽታ ሲጥላቸውና ሌላ ጧሪ ሲጠፋ፣ ‹‹አባትህ ብቻቸውን አይሙቱ›› ብላ ጓዟን የሸከፈችው እሷ ናት። ዝናብ የማያባራበት፣ ዛፍ በዛፍ ላይ የሚበቅልበትን አገሯን ትታ ዋግ መጣች። እኛ ጋ ዛፍ በዛፍ ላይ ሊበቅል ቀርቶ ዛፍ በመሬት ላይ ሲበቅልም ጎረቤት ይጠራራል። ሁለት ዓመት ሙሉ አባቴን አገላበጠች፣ አጠበች፣ ሲቆጡ ዝም አለች። መቼ ነው የምንመለሰው ብላ አንድ ቀን አልጠየቀችኝም። አባቴ ካረፉም በኋላ አልጠየቀችኝም። እኔም አላነሳሁባትም፤ ዝም ያለን ሰው ምን ብለህ ትጠይቀዋለህ?

ከአገሯ ይዛ የመጣችው አንድ ነገር ፈርን የምትባለውን ይህችን ቅጠሏን ነው። ከአባቷ የቡና ጥላ ዛፍ ላይ ከነቅርፊቱ አስቆርጣ፣ አራት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ጭኗ ላይ አስቀምጣ አመጣቻት። አውቶቡስ ውስጥ ያልተጠየቅነው ጥያቄ የለም። ጎመን ናት ያለን አለ። ከብት ይበላታል ወይ ያለን አለ። ወልድያ ላይ የተሳፈሩ አንድ ሽማግሌ ደግሞ መድኃኒት መሆኗን በራሳቸው ደመደሙና ለምን ደዌ እንደምትሆን ብቻ ጠየቁ። ፀዳለ መስኮቱን እያየች ‹‹ለናፍቆት›› አለቻቸው። ሽማግሌው አልደነቃቸውም፤ ተፈልታ ነው ተወቅጣ የምትጠጣው ብለው እስከ ሰቆጣ ድረስ ወተወቱን።

እዚህ ላይ መምህርነቴ ይነሳብኛል፤ ትንሽ ታገሱኝ። የፈርኗ ወገን በሳይንስ ስሙ ፕላቲሴሪየም ይባላል። በግሪኮቹ ቋንቋ ‹‹ጠፍጣፋ ቀንድ›› ማለት ነው፤ የብዙዎቹ ቅጠል እንደ አጋዘን ቀንድ ሹካ ሹካ እያለ ስለሚወጣ። የፀዳለ ግን ቀንድ የላትም። ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ወደ ታች የተንጠለጠለ ቅጠል ነው ያላት፤ ስለዚህ ዝርያዋን የዝሆን ጆሮ ይሏታል። ከቀንዳሞች ቤተሰብ ጆሯም ሆና መወለድ እንግዲህ የራሷ ዕዳ ነው። አበባ የላትም፣ ፍሬ የላትም፣ አፈርም አትፈልግም። ዛፍ ላይ ተለጥፋ ትኖራለች፤ ነገር ግን እንደ ተቀጽላ የዛፉን ደም አትመጥም። ማረፊያ ብቻ ነው የምትለምነው፤ ስንቋን ከዝናቡና ከሚረግፈው ቅጠል ራሷ ታጠራቅማለች። እንዲህ ያለ እንግዳ ለሁላችን ይላክልን።

ቅጠሏ ሁለት ዓይነት ነው፤ ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ትፈልጉታላችሁ። አንደኛው የሚንጠለጠለው ጆሮ ነው፤ በስተሥሩ ቡናማ ከፋይ የመሰለ ንጣፍ አለበት፤ የምትራባበት ብናኝ እዚያ ነው ያለው። ሁለተኛው ጋሻ ቅጠል ይባላል። ግንዱን እቅፍ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። ሲወጣ አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ ይደርቃል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ግን አይረግፍም። የሞተ መስሎ ዕድሜ ልኩን ይይዛታል፣ ውሃዋንም ያቁርላታል። ሊቃውንቱ ዝርያዎቹን የሚለዩት በዚህ ነው፤ የጋሻው አናት እንዴት ነው፣ ጆሮው ስንት ቦታ ተሰነጠቀ፣ ከፋዩ የት ላይ ተነጠፈ እያሉ። አሥራ ስምንት ያህል ናቸው። የአፍሪካና የማዳጋስካር ወገን አለ፣ የእስያ ወገን አለ፣ ወደ አውስትራሊያ ያለ ወገን አለ። አንዷ ብቻ ከዘመዶቿ ሁሉ ተለይታ ደቡብ አሜሪካ ተራራ ሥር ትኖራለች።

ይህን ሁሉ ለፀዳለ እንደ ክፍል ትምህርት ስተነትንላት፣ ሌላውን ሁሉ ትታ ‹‹እሷ ብቻዋን ምን ልትሠራ ሄደች?›› አለችኝ። ባል ተከትላ ይሆናል አልኳት። አልሳቀችም።

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ እናቷ ወድቀው ዳሌያቸው መሰበሩን ሰማን። ፀዳለ በነጋታው ተነሳች። መናኸሪያ ሳደርሳት ስለ ልብሱ፣ ስለ በርበሬው፣ ስለ ቁልፉ ስትነግረኝ ቆየችና መኪናው ሲነሳ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

‹‹ፈርኔን ጠብቅልኝ። እሷ እዚህ ከጸደቀች እኔም እጸድቃለሁ፤ እሷ ካልቻለችው ግን እኔም እንጃ።››

አያችሁ? ቅጠል የሚያስፈራው እንዲህ ተደርጎ ነው። ትዳሬን ያህል ነገር አንዲት ጆሮ ላይ አንጠልጥላብኝ ሄደች።

መጀመሪያ ነገሩን በሥርዓት ያዝኩት። በሳምንት ሁለቴ በሳፋ ውሃ መነከር አለባት። ሰቆጣ ላይ ውሃ በተራ እንደሚመጣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በጋ ላይ ተራው ራሱ ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ ቅድሚያ ለፈርኗ ሆነ። እሷ የተነከረችበትን ውሃ ፊቴን ታጠብኩበት፣ ፊቴን የታጠብኩበትን እግሬን ታጠብኩበት፣ እግሬን የታጠብኩበትን ደጁ ላይ ረጨሁት። አንድ ሸሚዝ ለሦስት ሳምንት ስለብስ ተማሪዎቼ ሐዘን ላይ ያለሁ መሰላቸው፤ ያን ያህልም አልተሳሳቱም።

ኔትወርክ ሲኖር ፀዳለ ትደውላለች። እናቷን እጠይቃታለሁ። ከዚያ እሷ ‹‹እንዴት ናት?›› ትለኛለች፤ እኔም ግራ ጆሮዋ ሁለት ሴንቲ ሜትር እንደ ጨመረ፣ ቀኝ ጆሮዋ ባለበት እንደሆነ ሪፖርት አቀርባለሁ። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ አይደለም። ቤቱ ባዶ ሆኗል፣ ድምፅሽ ናፍቆኛል፣ የለበስሽውን ፎጣ ሳላጥበው አስቀምጬዋለሁ ልላት ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል። ነገር ግን አባቴን ሁለት ዓመት አገላብጣ አንድ ቀን ያልቆጠረችብኝን ሴት፣ የራሷን እናት ልታነሳ ብትሄድ መቼ ትመጫለሽ ብዬ ቀን ልቁጠርባት?  ስለዚህ ሴንቲ ሜትር እቆጥራለሁ።

አሁን አያ ኪሮስ ይግቡ። አያ ኪሮስ አከራዬ ናቸው፤ ግቢያችን አንድ ነው። ንብ አናቢ ናቸው፤ ከከተማው ጥግ ደግሞ የስንዴ ማሳ አላቸው። ደግ ሰው ናቸው። ሲደሰቱ በአማርኛ፣ ሲቆጡ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ነው የሚናገሩት፤ የኽምጣኛዬን ጓዳ ጎድጓዳ ያሟላሁት እንግዲህ በእሳቸው ግቢ ተከራይቼ ነው። አንድ ቀን ፈርኗን ሳፋ ውስጥ ስነክር ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና የአንዱን ጆሮ ሥር ገለበጡት። ያን ቡናማ ከፋይ አዩት። ፊታቸው ጠቆረ።

‹‹መምህር፣ ዋግ መትቶታል›› አሉኝ።

ዋግ የስንዴ በሽታ ነው፤ ቅጠሉን ዝገት አስመስሎ የሚያደርቀው። በአገራችን ስም የተጠራ ይመስል እኛን አይለቅም። አያ ኪሮስ አንድ ዓመት ማሳቸውን በሙሉ በእሱ አጥተዋል፤ ስለዚህ ቡናማ ነጥብ ያየ ቅጠል እሳቸው ፊት ምሕረት የለውም። ነቅለህ አቃጥለው፣ ነፋሱ ወደ ስንዴዬ ነው የሚነፍሰው አሉኝ። ጠመኔ ይዤ ግድግዳው ላይ ሥዕል እስከ መሣል ደረስኩ። በሽታ ሳይሆን መራቢያዋ መሆኑን፣ ከዚያ ብናኝ አዲስ ፈርን እንደሚበቅል አስረዳኋቸው። በጥሞና አዳመጡኝ። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ ዘር ከሆነ እስካሁን ለምን አልበቀለም? እውነቴን ነው፣ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ የለም። 

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ፈርኗ ነጭ ሆና ጠበቀችኝ። አያ ኪሮስ አዝነውልኛል። የሰው ሚስት አደራ በዋግ ሲያልቅ እያዩ ዝም ማለት አልቻሉም። ተባይ የያዘው ጎመን ላይ እንደሚደረገው ከምድጃ የወጣ አመድ በወንፊት ነፍተው፣ ጆሮዋን በላይ በታች ለውሰዋታል። ያ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። የደረቀውን ጋሻ ቅጠል ‹‹የሞተው ሕያው እንዳይበክል›› ብለው፣ ቀፎ እንደሚያጸዱት በቢላ ጫፍ ግማሹን ገሽልጠው ጥለውታል። ሥሯ ተራቁቶ ቀርቷል። እሳቸው ሥራቸውን ጨርሰው በረንዳው ላይ በኩራት ተቀምጠዋል፤ ምስጋና ነበር የሚጠብቁት።

ምን ይባላል? አመሰገንኳቸው። ከዚያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ጠባቂ ብላ ፈርኗን ለእኔ ትታ መሄዷ ራሱ አሳዘነኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የተባለው ለካ ለእኔ ነው።

ከዚያ ወዲያ ፈርኗ በየቀኑ እየቀነሰች ሄደች። አመዱን ባጥበውም ጆሮዎቿ ተሸበሸቡ። ፀዳለ ፎቶ ላክልኝ ስትል አሮጌ ፎቶ መላክ ጀመርኩ። ጥር ላይ ያነሳሁት አንድ ያማረ ፎቶ ነበረኝ፤ አንዴ ዞር አድርጌ፣ አንዴ ቆርጬ፣ አንዴ አደብዝዤ እልከው ነበር። ሦስት ሳምንት እንዲህ ከቆየ በኋላ ረጋ ብላ፣ ‹‹ይቺ ጆሮዋ ላይ ያለችው ዝንብ ግን አትሄድም እንዴ?›› አለችኝ። ዝንቧን አላየኋትም ነበር። ዝንቧ ፈርኗን ለምዳታለች አልኳት። ኔትወርኩ ነገሩ የገባው ይመስል ተቋረጠ።

በዚህ ላይ ግንቦት መጣና ለፈተና ቁጥጥር ቆላ ወዳለችው ጽጽቃ ተመደብኩ። አሥር ቀን። ለአያ ኪሮስ ጥዬ ልሄድ አልችልም፤ በአመድ ያልሞተች በእሳት ታልቃለች። ይዤ ልሄድ ጽጽቃ ከሰቆጣ ይልቅ ይሞቃል፣ ጥላም የለም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የአጥቢያችን ቄስ መምሬ ኃይሌ ዘንድ ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ከጠበሉ በላይ አንድ ያረጀ ወይራ አለ። ሰቆጣ ውስጥ ጥላውና እርጥበቱ ለፈርን የሚሆን ቦታ ቢኖር ያ ብቻ ነው።

መምሬ ፈርኗን አገላብጠው አዩአት፣ ፈቀዱልኝም። አንድ ነገር ብቻ ከለከሉ፤ በቤተ ክርስቲያን ዛፍ ላይ ምስማር አይመታም። ሽቦም ቅርፊቱን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ቤት ተመልሼ ከፀዳለ አሮጌ ነጠላ አንድ ቁራጭ ቀደድኩና፣ ፈርኗን ከነቅርፊቷ ግንዱ ላይ አስጠግቼ ዙሪያዋን አሰርኳት። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ቆመው ያዩኛል። እስከ መቼ ነው አሉኝ። ‹‹ፀዳለ እስክትመለስ እዚህ ትቆይልኝ፣ አባቴ›› አልኳቸው። ከጽጽቃ ስመለስ እንደገና ሳፋና አመድ ወዳለበት ቤት ከምትገባ እዚሁ ብትቆይ ይሻላታል ማለቴ ነበር። መምሬ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳረፉና ‹‹ይሁንልህ ልጄ›› አሉኝ። ድምፃቸው ለአንድ ቅጠል ሲባል ትንሽ የበዛ መስሎኝ ነበር። ቸኩዬ ስለነበር አላሰብኩበትም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ጽጽቃ አሥር ቀን ተቀመጥኩ። ኔትወርክ አልነበረም። በአሥራ አንደኛው ቀን ሚኒባሱ ሰቆጣ መናኸሪያ እንዳወረደኝ አንዲት የማላውቃቸው እናት እጄን ያዙኝና ‹‹አይዞህ መምህር፣ እሱ ይመልስልሃል›› አሉኝ። ሻንጣ የጠፋብኝ መስሏቸው ይሆናል ብዬ ሻንጣዬን አሳየኋቸው። ሻንጣውን አይተው ጭራሽ እንባቸው መጣ። ፀጉር አስተካካዩ ከሱቁ ወጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሽሮ የምትሸጥልኝ ሴትዮ ሽሮውን ከሰፈረች በኋላ አንድ እፍኝ ጨመረችልኝ፤ በሕይወቷ ለማንም ጨምራ አታውቅም። ትምህርት ቤት ስገባ፣ ስጽፍ ጀርባዬ ላይ የሚያሾፉት ልጆች እንኳ ጸጥ ብለው ይጽፋሉ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ያስፈራል። የሞትኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም ብዬ ቤቴ ስደርስ አያ ኪሮስን ጠየቅኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ነበር። እኛ ጋ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንድ ነገር አምጥተህ ‹‹ይህ እስኪሆን ድረስ›› ብለህ ካኖርክ ተስለሃል ማለት ነው። ጃንጥላም ይሁን ምንጣፍ፣ ከአፍህ የወጣው ስለት ነው። በነጭ ጨርቅ ካሰርከው ደግሞ ምስክር አያሻም። እኔ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ ይህን ሳላውቅ አይደለም፤ ግን ሳስር ልቤ የነበረው ቅጠሉ ላይ ብቻ ነው። መምሬ ደግሞ በማግስቱ ቅዳሴው ሲያልቅ እንደ ደንቡ ለምእመናኑ አሰምተዋል። መምህሩ ሚስቱ ካገሯ እንድትመለስለት በጣም ከሚወደው ነገር አንዱን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቷል፣ በጸሎት አስቡት ብለዋል። እልል ተብሏል። አያ ኪሮስ ይህን ሲነግሩኝ እሳቸውም አብረው እልል እንዳሉ አልደበቁኝም።

እንዲያው በሞቴ፣ ሰው ፊት እንዴት ይወጣል? ሚስቴ ጥላኝ እንደሄደች፣ እኔም በናፍቆት እንደከሳሁ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ያልሰማ የለም። አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ማለት ይህ ነው። በንዴት መምሬ ዘንድ ሄድኩ። አልተሳልኩም፣ ለጥላው ብዬ ነው፣ ፈርኗን ይመልሱልኝ አልኳቸው። ንብረቱ የኔ አይደለም፣ የሚስቴ ነው፣ ስትመጣ ትጠይቀኛለች ብዬ ተማጸንኩ። መምሬ ሰምተው ሲጨርሱ ወይራው ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

‹‹ከእግዜር ደጅ የገባ ነገር በሰው አፍ አይወጣም። እንዳልተሳልክ ነገርከኝ፤ እሺ፣ ተቀበልኩህ። እንድትመለስልህ አትፈልግም ወይ?››

 እንደ ልጅ አለቀስኩ እላችኋለሁ፤ ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን አመንትቻለሁ። መምሬ እስክጨርስ ጠበቁኝና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሰቆጣ እንግዲህ ሥራውን ጀመረ። ከጠበል የሚመለሱ እናቶች ከያዙት ውሃ ጥቂት ጥቂት ወይራው ላይ ያፈሱላት ጀመር። አንዷ ‹‹ልጄ ከሄደበት ይመለስ››፣ ሌላዋ ‹‹የመምህሩ ሚስት ትምጣ›› እያሉ። መምሬ ዛፍ አይለመንም ብለው ሁለት ጊዜ ተቆጡ፤ ውሃ ማጠጣት ግን አልከለከሉም። እኔ በሳፋ ለምኜ ያጣሁትን ውሃ እሷ በየሰዓቱ ትጠጣ ጀመር። ከዚያ ክረምቱ ገባ። አንድ ቅዳሜ ሄጄ ሳያት ከተገሸለጠው ጋሻ ሥር የጥፍር ያህል አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል። በሳምንቱ የመዳፍ ያህል ሆነ። በወሩ ይዛው የመጣችውን የከፋ ቅርፊት አልፎ፣ የወይራውን ግንድ አቀፈው። ጫፉን በጣቴ ላነሳው ብሞክር እምቢ አለኝ። ስለ እሷ ያነበብኩት መጽሐፍ ደጋ አትወድም ይላል። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች የሰቆጣን እናቶች አያውቋቸውም።

አሁን ነው ጭንቀት። እንዳትሞት ነበር የፈራሁት፤ ጸድቃ አስፈራችኝ። ግድግዳዬ ላይ የተንጠለጠለችበት ቦታ ባዶ ነው። ፀዳለ ብትመጣ ምን ብዬ ላሳያት? ከዛፉ ብነቅላት ጋሻው ይቀደዳል፣ ያኔ ያለቀላት ነው። ብተዋት ደግሞ የአባቷን ዛፍ ቁራጭ፣ አንድ ያላትን ነገር፣ ሳላስፈቅዳት ሰጠሁባት ማለት ነው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ እዚያው ወይራው ሥር ቆሜ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። ኔትወርክ ወይራው ጋ እንደሚሠራም ያን ቀን ነው ያወቅኩት። እናቷ በምርኩዝ ደጅ መውጣት እንደጀመሩ ነገረችኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ እንደ ልማዷ ‹‹እንዴት ናት?›› አለችኝ። ግራ ጆሮዋ ልል ነበር። ዝንቧ ትዝ አለችኝ። አስታውሼም አፈርኩ።

ሁሉንም ነገርኳት። አመዱን፣ ቢላውን፣ አሮጌውን ፎቶ፣ ነጠላዋን መቅደዴን፣ ፈርኗ ቤት እንደሌለች፣ ስለት ሆና ቤተ ክርስቲያን እንደገባች። ነጠላውን ስነግራት ‹‹የትኛውን?›› ብላ ብቻ አቋረጠችኝ። ስለት ላይ ስደርስ ሳቀች። ሰባት ወር ሙሉ ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቀች፤ እኔም የመምሬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

‹‹ምን ብለህ ነው የተሳልከው?›› አለችኝ።

አልተሳልኩም ልላት እችል ነበር። እውነት ነበር። ቀና ብዬ ፈርኗን አየኋት።

‹‹አንቺ እንድትመለሺልኝ።››

  በቀጠነ ድምፅ፣ ‹‹ሰቆጣ ሁሉ ይህን ሰምቷል?›› አለችኝ። ሁሉም ሰምቷል አልኳት፤ እልል ተብሎበታል አልኳት።

‹‹እኔ ብቻ ነኛ ያልሰማሁት። ሰባት ወር ሴንቲ ሜትር ስትነግረኝ፣ የምትጠብቀው ቅጠሉን መስሎኝ ነበር።››

ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም፤ ብዙ ነገር ተናግሬያለሁ። ቤቱን፣ ፎጣውን፣ ጉሮሮዬ ላይ የቆመውን ሁሉ። ሁለት እናቶች ውሃ ሊያፈሱ መጥተው ሲሰሙኝ ዞር ብለው ቆሙ፤ አልሄዱም ግን። በመጨረሻ ፀዳለ፣ እናቷ ያለ ምርኩዝ መራመድ እንደጀመሩ፣ መንገዱም ሰላም እንደሆነ እንደምትነሳ ነገረችኝ። ‹‹እንዳትነቅላት›› አለችኝ፤ ‹‹እዚያው ትጠብቀኝ።››

ይኸው እየጠበቅን ነው። መስቀል አለፈ። የወልድያ መኪና በገባ ቁጥር መናኸሪያ አካባቢ ሥራ ይኖረኛል፤ ፀጉር አስተካካዩ ራሴን በወር ሦስቴ እየላጨኝ ነው። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ናፍቆት ሴንቲ ሜትር የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ ልኬ እነግራችሁ ነበር።

ባለፈው እሑድ ከአያ ኪሮስ ጋር ወይራው ሥር ተቀምጠን ሳለ፣ ከአምደወርቅ ለሐዘን የመጣ አንድ እንግዳ ፈርኗን ቀረብ ብሎ ያያት ጀመር። ክረምት ላይ የወጣው ጋሻ ቅጠል አሁን ዝናቡ ሲያቆም ደርቆ ቡናማ ሆኗል። ሰውዬው ደግ ነው፤ ለስለት ዕቃ ደረቅ ቅጠል አይገባም ብሎ ሊገሸልጥላት እጁን ዘረጋ። እኔ ከመነሳቴ በፊት አያ ኪሮስ ተነስተው ነበር። እጁን ያዙት።

‹‹ተው፣ እሱን አትንካው›› አሉት። ‹‹የሞተ ይመስልሃል እንጂ፣ የያዛት እሱ ነው።››

ከዚያ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። መንገዱ መከፈቱን ሰምቻለሁ አሉኝ። እኔም ሰምቻለሁ አልኳቸው።